ትል ያልነካው ቲማቲም

ኦክቶበር 2022 ላይ ነው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስተን ከኃይለ ሥላሴ ጎዳና ዳር ካለው ዋኩሊማ ገበያ፣ ሁላችንም ማሪኪቲ ከምንለው፣ አራት ሳጥን ቲማቲም አነሳን። ቀይ፣ ጠንካራ፣ አንዱ ከአንዱ የማይለይ ቲማቲም ነበር። ሲነጋ የዘወትር ደንበኛችን የሆኑ አንዲት እናት መጡና አንዱን አንስተው አገላብጠው አዩት።

«ልጄ፣ ይሄ ጂኤምኦ ነው አይደል? ትል እንኳ አልነካውም።»

«ኧረ አይደለም እማማ።»

«በምን አወቅሽ?»

ዝም አልን። እሳቸውም ቲማቲሙን ቦታው መልሰው ሽንኩርት ብቻ ገዝተው ሄዱ። በዚያ ሳምንት እንዲህ የጠየቁን እሳቸው ብቻ አልነበሩም። የኬንያ ካቢኔ ለአሥር ዓመት የቆየውን የጂኤምኦ እገዳ በኦክቶበር 3 ማንሳቱ ከተነገረ ወዲህ ትልቅ የሆነ ሁሉ፣ የሚያብረቀርቅ ሁሉ፣ ሦስት ቀን ሳይበላሽ የቆየ ሁሉ ጂኤምኦ ሆኖ ነበር። ከአራቱ ሳጥን አንዱ ተኩል እጃችን ላይ ለስልሶ ለድልህ በርካሽ ሰጠነው።

እኛ አራት ሴቶች ነን። በርበሬ፣ ኮረሪማና ሽሮ በሞያሌ በኩል ወደ ናይሮቢ እናመጣለን፤ እዚህ ደግሞ ለሐበሻ ቤቶችና ምግብ ቤቶች አትክልት እናቀርባለን። የምንሸጠውን ዕቃ ዋጋ እናውቃለን፤ ከየት እንደመጣም እናውቃለን። ዘሩ ምን እንደሆነ ግን ጠይቀን አናውቅም ነበር። የእማማ ጥያቄ አሳፈረንና መጠየቅ፣ ማንበብ ጀመርን። ያገኘነውን እዚህ አስቀምጠነዋል። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ናይሮቢ የምንኖር ሰዎች በሁለት አቆጣጠር መደናገር ልማዳችን ስለሆነ አስቀድመን እንንገራችሁ።

መልሱን እናስቀድመው። ያ ቲማቲም ጂኤምኦ አልነበረም። ዘረ-መሉ የተለወጠ ቲማቲም በኬንያም ሆነ በኢትዮጵያ እንዲዘራ ተፈቅዶ አያውቅም። ማሪኪቲ ላይ የምናየው ትልልቁና ጠንካራው ቲማቲም ድቅል ነው፤ ሁለት የቲማቲም ዝርያዎች በአበባቸው ተዳቅለው የሚገኝ ማለት ነው፣ እንደ በቅሎ። ግርታው ከየት እንደመጣ ግን ይገባናል። እዚህ አገር በግሪንሀውስ ገበሬዎች ዘንድ ስሙ የታወቀው «አና ኤፍ 1» የተባለው ድቅል ቲማቲም ዘር ይሸጥ የነበረው በሞንሳንቶ ስም ነው። ሞንሳንቶ ደግሞ በዓለም ሁሉ በጂኤምኦ የሚታወቅ ኩባንያ ነበር። ሰው የኩባንያውን ስም ሰምቶ የዘሩን ዓይነት ደመደመ። በንግድም የሚያጋጥም ነው፤ አንድ ነጋዴ አንዴ ባዕድ የተቀላቀለበት በርበሬ ከሸጠ ሽሮውም አብሮ ይጠረጠራል።

እንግዲህ ትል የማይበላው ተክል የሚባለው ከየት መጣ? ነገሩ የሚጀምረው ከቤተ ሙከራ ሳይሆን ከሞቱ ትሎች ነው። በ1901 ጃፓናዊው ኢሺዋታ የሐር ትሎች በጅምላ የሚያልቁበትን ምክንያት ሲፈልግ አንድ ባክቴሪያ አገኘ። ከአሥር ዓመት በኋላ ጀርመናዊው ኤርንስት በርሊነር ያንኑ ባክቴሪያ ከዱቄት የእሳት እራት ላይ አገኘውና ነፍሳቱ በመጡበት በቱሪንጂያ አውራጃ ስም «ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ» ብሎ ሰየመው። ዛሬ በአጭሩ ቢቲ ይባላል። ይህ ባክቴሪያ አፈር ውስጥ ያለ ነው። የሚሠራው ፕሮቲን ትሉ ሲበላው በአንጀቱ ውስጥ ይሟሟል፣ ከአንጀቱ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፣ ይበሳዋል፤ ትሉ መብላት ያቆምና ይሞታል። የሰው ሆድ እንደ ትሉ አንጀት አይደለም፤ አሲድ ነው፣ ፕሮቲኑ የሚጣበቅበት ቦታም የለውም። ፈረንሳዮች በ1938 ባክቴሪያውን የሚረጭ መድኃኒት አድርገው መሸጥ ጀመሩ። ዛሬም ኬንያ ውስጥ አግሮቬት የሚባሉት የእርሻ መድኃኒት ሱቆች ይሸጡታል፣ የተፈጥሮ እርሻ የሚሠሩ ገበሬዎችም ይረጩታል።

ችግሩ ፀሐይ ያከስመዋል፣ ዝናብ ያጥበዋል፤ ግንድና ፍሬ ውስጥ የገባውን ትል ደግሞ አያገኘውም። ስለዚህ ሳይንቲስቶች ሌላ አሰቡ፦ ፕሮቲኑን የሚያሠራውን ዘረ-መል ከባክቴሪያው ወስዶ ተክሉ ውስጥ ማስገባት፣ ከዚያ ተክሉ ራሱ ይሥራው። በቤልጂየም ጌንት ከተማ የነበረ ፕላንት ጄኔቲክ ሲስተምስ የሚባል ኩባንያ ይህን በትምባሆ ላይ እንዳደረገው በ1987 አስታወቀ። በ1995 ሞንሳንቶ አሜሪካ ውስጥ ጥንዚዛ የማይበላው ድንች ለገበሬ ሸጠ፣ ስሙ «ኒው ሊፍ»። በሚቀጥለው ዓመት የቢቲ ጥጥና የቢቲ በቆሎ ተከተሉ።

የድንቹ ነገር ለእኛ ለነጋዴዎች ልብ የሚባል ነው። ጥንዚዛው ድንቹን አልበላውም፣ መንግሥትም ፈቅዶታል፤ ነገር ግን ትልልቆቹ የድንች ጥብስ ገዢዎች «ደንበኞቻችን ይጠይቁናል» ብለው ተዉት። በ2001 ከገበያ ወጣ። ያንን ድንች የዘጋው ሕግ አልነበረም። እንደ እማማ ያሉ ሰዎች መልሰው ስላስቀመጡት ነው።

ናይሮቢ በዚህ ታሪክ ውስጥ ተመልካች ብቻ አልነበረችም። አንድ ኢትዮጵያዊም ከፊት ተሰልፈው ነበር፤ ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር፣ የአድዋው ሰው፣ የዕፅዋት ሊቅ፣ የኢትዮጵያ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ኃላፊ የነበሩት። በ1990ዎቹ ዓለም ስለነዚህ ተክሎች ውል ለመጻፍ ሲደራደር የአፍሪካን ቡድን ወክለው የተናገሩት እሳቸው ናቸው። የሚከራከሩበትን ነጥብ በገበያ ቋንቋ ብናስቀምጠው እንዲህ ነው፦ ዕቃህ ድንበሬን ከማለፉ በፊት ምን እንደሆነ ንገረኝ፣ እምቢ የማለት መብትም ይኑረኝ። በጃንዋሪ 2000 ሞንትሪያል ላይ የካርታኼና ፕሮቶኮል የጸደቀው ይህን መሠረት አድርጎ ነው። በዚያው ዓመት ሜይ ወር ውሉ ለፊርማ የተከፈተው እዚሁ ናይሮቢ ነው። ኬንያም ኢትዮጵያም በዚያ ወር ፈረሙ። ዶክተር ተወልደብርሃን በዚያው ዓመት ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ፤ በማርች 2023 አረፉ።

አንድ ወር ላይ አንድ ውል የፈረሙት ሁለቱ አገሮች ከዚያ በኋላ የሄዱበት መንገድ ግን የተለያየ ነው። እኛ የምንመላለሰው በእነዚህ ሁለት መንገዶች መካከል ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

ኬንያ ቀደም ብላ መሞከር ጀምራ ነበር። ዶክተር ፍሎረንስ ዋምቡጉ የምትባል ኬንያዊት ሳይንቲስት ቫይረስ የሚቋቋም ስኳር ድንች ይዛ ተነሳች፤ በዓለም ጋዜጦች ብዙ ተወራለት፤ በ2004 የሙከራው ውጤት ሲነገር ግን ከተለመደው ስኳር ድንች የሚሻል አልሆነም። በ1999 ደግሞ የኬንያ የእርሻ ምርምር ተቋምና ሲሚት የሚባለው ዓለም አቀፍ የበቆሎ ማዕከል ግንድ ቦርቧሪ ትልን ለሚቋቋም በቆሎ ፕሮጀክት ጀመሩ። ከዚያ 2009 መጣ። በዚያው አንድ ዓመት ሁለቱም አገሮች ሕግ አወጡ። የኬንያው ባለሥልጣን አቋቁሞ ማመልከቻ የሚቀበል፣ መርምሮ የሚፈቅድ ወይም የሚከለክል ሕግ ነው። የኢትዮጵያው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2009 ደግሞ በጣም ጥብቅ ስለነበር ተመራማሪዎች ለሙከራ እንኳ ዘር ማስገባት ከበዳቸው።

ሆኖም ቀድማ የዘጋችው ክፍቷ ኬንያ ሆነች። በሴፕቴምበር 2012 ፈረንሳዊው ጊል-ኤሪክ ሴራሊኒና ጓደኞቹ ጂኤምኦ በቆሎ የበሉ አይጦች ትልልቅ ዕጢ አወጡ የሚል ጥናት አወጡ። ሥዕሉን ያላየ የለም፤ እኛም በስልካችን ተቀባብለነዋል። በኖቬምበር 2012 የኬንያ ካቢኔ ማንኛውም የጂኤምኦ ምግብ ወደ አገር እንዳይገባ አገደ። ጥናቱን ያወጣው መጽሔት በሚቀጥለው ዓመት መልሶ ሰረዘው፣ በየቡድኑ የነበሩት አይጦች ቁጥር ጥቂት ነው፣ የአይጦቹም ዘር ያለ ምክንያት ዕጢ የሚያወጣ ነው ተብሎ። በ2014 በሌላ መጽሔት እንደገና ታተመ። ስለዚህ ክርክር ብዙ ተጽፏል። እኛን የገረመን ግን ሌላ ነው፦ በአይጦቹ የተሞከረው በቆሎ ትል የሚቋቋም ዓይነት አልነበረም። የአረም መድኃኒት የሚቋቋም በቆሎ ነበር። ሁለቱ እንደ በርበሬና ቁንዶ በርበሬ ናቸው፣ ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ ሥራቸው አይገናኝም። እገዳው ግን ሁሉንም በአንድ ከረጢት ከተተው።

በዚያው ሰሞን ሌላም ነገር ሆነ፣ ይህንን ግን ማንም በስልክ አልተቀባበለውም። ከጃንዋሪ 2013 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት ከኬንያ የሚላከውን ፎሶሊያና የአተር እሸት ከአሥር ጭነት አንዱን እየመረመረ ማስገባት ጀመረ። ምክንያቱ ዲሜቶኤት የሚባለው የተባይ መድኃኒት ቅሪት ነው። ብዙ ጭነት ተመለሰ፣ ብዙ አነስተኛ ገበሬ ገዢ አጣ። እንግዲህ አስቡት፤ በአንድ ወቅት ናይሮቢ አፈሯ ላይ ያልበቀለ በቆሎን ስታግድ፣ አውሮፓ ደግሞ አፈሯ ላይ የበቀለውን አትክልት በተረጨበት መድኃኒት ምክንያት እያቆመ ነበር። ለአገር ውስጥ ጠረጴዛ የሚሄደውን ሳጥን ግን እንዲህ ያለ ሚዛን አይጠብቀውም።

ኢትዮጵያ በበኩሏ ቀስ ብላ በሯን ገርበብ አደረገች። በ2015 አዋጁ በቁጥር 896 ተሻሻለ፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ጥጥ ይፈልጉ ነበር። በ2018 ከህንድ የመጡ ሁለት የቢቲ ጥጥ ድቅሎች ተፈቀዱ፣ ትል የሚቋቋም በቆሎም ለሙከራ ፈቃድ አገኘ። ኬንያም በዲሴምበር 2019 የቢቲ ጥጥን ፈቀደች፤ ጥጥ አይበላም ተብሎ እገዳው አልያዘውም። ከዚያ በአርባ ዓመት ያልታየ ድርቅ መጣ፣ የአሜሪካ ተምች በቆሎውን ጨረሰው፣ ካቢኔው በኦክቶበር 2022 እገዳውን አነሳ። ወዲያው ክስ ተከተለ፤ በኖቬምበር ከፍተኛው ፍርድ ቤት ውሳኔውን አገደ፤ በ2023 የአካባቢና የመሬት ፍርድ ቤት የኬንያ ጠበቆች ማኅበርን ክስ ውድቅ አደረገ፤ በማርች 2025 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይግባኙ እስኪታይ ነገሩን እንደገና አቆመው። ይህን ሁሉ እየተከታተልን ስንት ጊዜ «ተፈቀደ»፣ «ታገደ» ብለን ለደንበኛ እንደተናገርን እኛው እናውቃለን።

አሁን ልብ በሉ። በዚህ ሁሉ ዓመት ክርክሩ ስለ በቆሎና ስለ ጥጥ ነው። ስለ ቲማቲም፣ ስለ ጥቅል ጎመን፣ ስለ ሱኩማ ዊኪ አንድም ክስ፣ አንድም ፈቃድ የለም። ትል አብዝቶ የሚበላው ግን አትክልቱን ነው። መድኃኒት አብዝቶ የሚረጨውም እሱ ላይ ነው። ለምን ተረሳ?

አልተረሳም፤ አንድ አትክልት እስከ ገበሬ ማሳ ደርሷል፣ ግን ሩቅ አገር ነው። ብርንጃል፣ እዚህ ቢሪንጋኒያ የሚሉት። ደቡብ እስያ ውስጥ የብርንጃል ጠላት ፍሬውንና ቀንበጡን ሰርስሮ የሚገባ ትል ነው። ውስጥ ስለሚሆን የሚረጨው አያገኘውም፤ ስለዚህ ገበሬው ሳይፈለፈል ለመቅደም ደጋግሞ ይረጫል፣ በአንድ ወቅት ውስጥ ብዙ አሥር ጊዜ የሚረጩ አሉ። ማሂኮ የሚባል የህንድ ኩባንያ የቢቲ ብርንጃል ሠራ። በፌብሩዋሪ 2010 ግን የህንድ የአካባቢ ሚኒስትር ጃይራም ራሜሽ በየከተማው ሕዝብ ሰብስበው ካነጋገሩ በኋላ ላልተወሰነ ጊዜ አቆሙት። ዘረ-መሉ ለባንግላዴሽ መንግሥት የምርምር ተቋም ተሰጥቶ ነበርና እዚያ ሥራው ቀጠለ። በኦክቶበር 2013 አራት ዝርያዎች ተፈቀዱ፣ በጃንዋሪ 2014 ሃያ ገበሬዎች ችግኝ ተቀበሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቁጥራቸው በብዙ ሺህ ሆነ። ጥናቶቹ ገበሬዎቹ መርጨት እንደቀነሱና የሚሸጥ ፍሬ እንደጨመረላቸው አሳዩ። ዝርያዎቹ ድቅል ስላልሆኑ ገበሬው ዘሩን ለከርሞ ማስቀረት ይችላል፤ ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ዘር በየዓመቱ መግዛት ለአነስተኛ ገበሬ ዕዳ ነው። ፊሊፒንስ ያንኑ ብርንጃል ሞከረች፤ በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ አገደው፣ በ2016 ያንኑ ውሳኔ ሻረ፣ በ2022 ተፈቀደ፣ በ2024 ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ፈቃዱን ሰረዘ። ከኬንያው ታሪክ ጋር ወንድማማች ነው።

ወደ አፍሪካ ስንመለስ የሚቀርበው ኩንዴ ነው። እዚህ ቅጠሉን እንደ ጎመን እንበላለን፣ ምዕራብ አፍሪካ ፍሬውን ይወዳል። ማሩካ የሚባል ትል አበባውንና ዕሸቱን ያጠፋዋል። ናይጄሪያ ቢቲ ኩንዴን በ2019 ፈቀደች፣ ጋና በ2022። ሥራውን ካስተባበሩት አንዱ መቀመጫው እዚሁ ናይሮቢ የሆነው የአፍሪካ የግብርና ቴክኖሎጂ ፋውንዴሽን ነው። ከናይሮቢ የተመራ ሥራ ናይሮቢ ሳይዘራ ናይጄሪያና ጋና ተፈቀደ።

ለሌላው አትክልት ለምን እንዳልተሠራ ሒሳቡ ለማንም ነጋዴ ግልጽ ነው። አንድን እንዲህ ያለ ተክል ሠርቶ፣ መርምሮ፣ አስፈቅዶ፣ በፍርድ ቤት ተከራክሮ ለማውጣት የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ነው፤ ለጎመንም ለበቆሎም ወጪው አንድ ነው። በቆሎ በሚሊዮን ሄክታር ይዘራል፣ ወጪውን ይመልሳል። ሱኩማ ዊኪ ከጓሮ ጓሮ ይሄዳል፤ ዘሩን ሳይገዛ ቅርንጫፉን ቆርጦ የሚተክል ገበሬ አለ። ማን ይከፍላል? ዲፕሎማችንን ስንማር «ገበያው ያላየው ወጪ» የሚባል ነገር ተምረን ነበር። ጎመን ላይ የሚረጨው መድኃኒት እንዲህ ያለ ወጪ ነው፤ በማንም መዝገብ ላይ አይታይም።

ትሉ ደግሞ ዝም ብሎ አይጠብቅም። ጥቅል ጎመንና ሱኩማን የሚያጠፋ ትንሽ የእሳት እራት አለ፣ ጀርባዋ ላይ የአልማዝ ቅርጽ ያላት። በ1953 ጃቫ ውስጥ ዲዲቲን ተላምዳ ተገኘች፤ ይህን ካደረጉ የሰብል ተባዮች የመጀመሪያዋ እሷ ናት። በ1990 ደግሞ ሃዋይ ማሳ ላይ የሚረጨውን ቢቲ ራሱን ተላምዳ ተገኘች። በተክል ውስጥ ያለው ቢቲም ከዚህ አያመልጥም፦ በደቡብ አፍሪካ የበቆሎ ግንድ ቦርቧሪ፣ በህንድ ሐምራዊው የጥጥ ትል ተላምደውታል። እና ቢቲ የሚገድለው ትሉን ነው እንጂ የቲማቲምን ነጭ ዝንብና ቀይ ሸረሪት አይነካም። ቢቲ ተክል ከመጣ መርጨት ይቀራል ብሎ የሚነግራችሁ ካለ ግማሹን ነው የነገራችሁ።

እዚህ ላይ ናይሮቢ ሌላ ታሪክ አላት፣ የሚያኮራንም እሱ ነው። ከመሃል ከተማ ወደ ቲካ መንገድ ስትወጡ ካሳራኒ ላይ ዱዱቪል የሚባል ግቢ አለ። ዱዱ በስዋሂሊ ነፍሳት ማለት ነው። ኢሲፔ የሚባለው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ነው፤ ኬንያዊው ቶማስ ኦዲያምቦ በ1970 ያቋቋሙት። ከ2013 እስከ 2023 ለአሥር ዓመት የመሩት ደግሞ የፍኖተ ሰላሟ ልጅ ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ናቸው። ከኮልፌ የመጣ ሰው ናይሮቢ ሱቅ ሲከፍት ደስ ይለናል፤ ከጎጃም ገጠር ተነስተው ይህን ያህል ተቋም የመሩ ሴት ከጎረቤታችን ሲሠሩ ግን ብዙዎቻችን አናውቅም ነበር፣ እኛም ጭምር።

ኢሲፔ ስለ ጎመኗ የእሳት እራት ያደረገው ጥበብ ዘረ-መል አይነካም። እሳት እራቷ ከሌላ አህጉር ስትመጣ ጠላቷን ትታ ነው የመጣችው አሉ። ስለዚህ ከታይዋን ዲያዴግማ የምትባል ደቃቅ ተርብ አመጡና በ2002 በታይታ ኮረብታዎችና በሌሎች ደጋ ቦታዎች ለቀቋት። ተርቧ እንቁላሏን በትሉ ውስጥ ትጥላለች፣ ልጇ ትሉን ከውስጥ እየበላች ታድጋለች። የእሳት እራቷ ቁጥር ወረደ። ተርቧ ራሷ ትራባለች፤ ዘር የሚሸጥላት ኩባንያ የለም፣ የሚከሳትም ጠበቃ የለም፣ ፓስፖርትም አትጠይቅም። አንድ ሁኔታ ብቻ አላት፦ መድኃኒት አብዝተህ ከረጨህ ከትሉ በፊት እሷ ትሞታለች።

ቱታ አብሶሉታ የምትባለዋ የቲማቲም ጠላትም አለች፤ ቅጠሉንም ፍሬውንም የምትቦረቡር። አገሯ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ በ2006 ስፔን ገባች፣ በ2013 ገደማ ኢትዮጵያ፣ በ2014 ኬንያ ታየች። የቲማቲም ጭነትና ሳጥን ይዟት እንደሚሄድ የታወቀ ነው። ይህን ስናነብ እርስ በርሳችን ተያየን። ሞያሌ ላይ ስንት ጊዜ ባዶ ሳጥን ሳናጥብ መልሰን ጭነናል? የምናመጣው በርበሬ ወረቀት አለው፣ ለሳጥኑ ግን ማንም ወረቀት አይጠይቅም። ለእሷም ኢሲፔ ከፔሩ ሌላ ተርብ አምጥቷል። ገበሬው ግን እስከዚያው ይረጫል።

ለምን አብዝቶ እንደሚረጭ ደግሞ አንድ ጥቅል ጎመን የሚያመጣልን የሊሙሩ ገበሬ ነገረን። ባለፈው ዐቢይ ጾም ነው፣ ጎመን እንደ ወርቅ በሚፈለግበት ጊዜ። ቅጠሉ ላይ ቀዳዳ ያለበትን ከፍለን ለይተን ከዋጋው ሲሶውን ቀነስን። ሁልጊዜ እንደምናደርገው ነው። ሰውየው አልተቆጣም። «ማማ፣ ባለፈው ሳምንት መርጨት ትቼ ነበር» አለ በስዋሂሊ። «ከትናንት ወዲያ ብረጨው ኖሮ ሙሉ ዋጋ ትከፍሉኝ ነበር። አሁንም ብትሉኝ ነገ እረጫለሁ፣ ከነገ ወዲያ አመጣዋለሁ።» መድኃኒቱ ከተረጨ በኋላ ሳይቆረጥ መቆየት ያለበት ቀን አለ፣ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። ያንን ቀን ማን ይጠብቃል?

እማማ በ2022 የጠየቁንን ጥያቄ ያን ጊዜ እንደገና አሰብነው። ትል ስላልነካው ፈሩ፣ ፍርሃታቸውም ትክክል ነበር፤ የፈሩት ነገር ብቻ ተሳሳተ። ትሉን ያባረረው ዘረ-መል ሳይሆን ምናልባት የከትናንት ወዲያው ርጭት ነው። እሳቸው ካቢኔውን ተጠራጠሩ፤ ሙሉ ዋጋ የምንከፍለው እኛ ግን ፊታቸው ቆመን ነበር።

ያን ቀን ከገበሬው ጋር ስንደራደር ቆየን። ቀዳዳውን ጎመን በሙሉ ዋጋ ለመውሰድ አልቻልንም፣ ምግብ ቤቶቹ አይቀበሉንም። በመጨረሻ ውጪ ያሉትን ሁለት ሦስት ቅጠሎች አንስተን ሲሶውን ሳይሆን አንድ አሥረኛውን ብቻ እንድንቀንስ፣ እሱም ከረጨ የረጨበትን ቀን በከረጢቱ ላይ እንዲጽፍልን ተስማማን። እስካሁን ሁለት ጊዜ ጽፎልናል፣ አንዴ ረስቷል። እማማ ግን ባለፈው ቅዳሜ መጥተው ከዚያ ቀዳዳ ጎመን ሁለት ወሰዱ። «ይሄን ትል በልቶታል፣ እኔም እበላዋለሁ» ብለው ሳቁ፤ ዋጋ ደግሞ አስቀነሱን።